«ሱስህን ተውና ተመለስ» አይባልም፦ መርፌ የሚወጉ ሰዎችና የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና



መስከረም ሲጠባና የግሸን ማርያም ንግሥ ሲቃረብ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይቀየራሉ። «ዶክተር፣ የልብ ሕመም አለብኝ፣ አምባውን በእግሬ ልውጣ?» የሚል አለ። «ጸበል እስክጨርስ የስኳር መድኃኒቴን ላቁመው?» የሚልም አለ። (አታቁሙት!) ከዘንድሮዎቹ መሀል ግን አንዱ ጥያቄ ለብቻው ጽሑፍ የሚገባው ሆኖ አገኘሁት። ጠያቂዋ አምባሰል የምትኖር እህት ናት። ፈቃዷን ጠይቄ፣ እሷንም ወንድሟንም ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዶ በመርፌ የሚወሰድ አደንዛዥ ዕፅ ለመደ። አሁን ቤት መልሰነዋል። ለንግሡ ግሸን ወስደን ጸበል ልናስጠምቀው ነው፤ እናቴ ስለት አለባት። ችግሩ፣ ደሙ ሲመረመር ሄፓታይተስ ሲ አለበት ተባለ። መድኃኒት ስንጠይቅ ‹መጀመሪያ ሱሱን ይተውና ከስድስት ወር በኋላ ይምጣ› ብለው መለሱን። እሱም ተስፋ ቆርጦ ‹ተዉኝ› ይላል። እውነት ሱሱን ካልተወ መድኃኒት አይሰጠውም? መድኃኒቱስ ከጸበል ጋር ይጋጫል? እኛስ አብረን ስንበላ ይይዘን ይሆን? ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉን።»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድምልሽ።

1. ሱሱን እስኪተው መጠበቅ የለበትም። ዛሬም መርፌ የሚወጋ ሰው የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት መውሰድ ይችላል፤ ይድናልም።
2. መድኃኒቱ ከጸበል ጋር አይጋጭም። ከጾም ጋርም አይጋጭም።
3. አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ልጆቹ አጎታቸውን ይሳሙት።

አሁን ለምን እንደሆነ በዝርዝር እንይ።

«የወፍ በሽታ» ሁሉ አንድ አይደለም

በእኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ነው ይባላል። የሌሊት ወፍ ሽንቷን ጥላበት ነው የሚልም ሞልቷል። እውነቱ ግን የዓይን ቢጫ መሆን የጉበት መታመም ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ አንድ በሽታ አይደለም። ጉበትን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ውስጥ ኤ እና ኢ የሚባሉት በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣሉ። ቢ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሲ ደግሞ ዋናው መንገዱ ደም ለደም መነካካት ነው።

ቢ እና ሲን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ልዩነታቸውን እንዲህ ያዙት፦ ቢ ክትባት አለው፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ይታገሣል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ሲ ክትባት የለውም፤ ነገር ግን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አለው። ስለዚህ «የጉበት ቫይረስ አለብህ» ከተባላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የቱ? ቢ ነው ሲ?» ይሁን።

ሄፓታይተስ ሲ ድምፅ የለውም። ሰውየው ሠርቶ ይገባል፣ በልቶ ይጠጣል፣ ምንም አይሰማውም። ካልታከሙት ሰዎች ውስጥ ከ100ው ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ጉበታቸው ጠባሳ አውጥቶ ይጠጥራል፤ ሲሮሲስ የምንለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሆድ ውሃ የሚቋጥረው፣ ደም የሚያስታውከው፣ የጉበት ካንሰር የሚመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ሰዎች ሄፓታይተስ ሲ ነበረባቸው፤ በዚያው ዓመት 242 ሺህ ሰዎች ሞተውበታል። ሊድን በሚችል በሽታ ማለት ነው!

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ብዙ ጥናቶችን የደመረ ትንተና በኢትዮጵያ ከተመረመሩት ውስጥ ወደ 3 በመቶ የሚጠጉት የሄፓታይተስ ሲ ምልክት በደማቸው እንደተገኘ አሳይቷል። ትንሽ ቁጥር አይደለም።

የሚያሳፍር በሽታ ነው እንዴ?

አይደለም። ይህን በሽታ «የሱሰኞች በሽታ» ብሎ የሚሰይም ሰው የግብፅን ታሪክ ይስማ። በግብፅ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ራሱ ገበሬውን ከቢልሃርዚያ ለማዳን በዘመቻ መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌዎቹ በደንብ ሳይቀቀሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞሩ ነበርና ቢልሃርዚያን ለማጥፋት የተነሣው ዘመቻ ሄፓታይተስ ሲን በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ አዳረሰ። እነዚያ ገበሬዎች ሱሰኞች አልነበሩም። ሐኪም የወጋቸው ሰዎች ናቸው።

እኛም አገር ቢሆን ደም የነካ ምላጭ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ብዙ ነው። ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ንቅሳት፣ በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው መላጨት፣ ፈቃድ በሌለው ቤት መርፌ መወጋት። ቫይረሱ ደሙን እንጂ የሰውየውን ጠባይ አይጠይቅም።

መርፌ የሚወጉ ወጣቶች ጋር ስንመጣ ደግሞ አንድ ሰው ሳያውቅ የሚያልፈው ነገር አለ። አደገኛው መርፌው ብቻ አይደለም። ዕፁን የሚያሟሙበት ማንኪያ፣ የሚያጣሩበት ጥጥ፣ የሚቀዱት ውሃ፣ ክንድ የሚያስሩበት ገመድ ሁሉ ደም ይነካዋል። ይህ ቫይረስ እንደ ኤችአይቪ ቶሎ የሚሞት አይደለም። በቤተ ሙከራ እንደታየው በአንዳንድ ዓይነት ሲሪንጅ ውስጥ እስከ 63 ቀን ሊቆይ ይችላል። «በውሃ አጥቤዋለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ከሄሮይን ሌላ፣ ለሕመም ማስታገሻ የተሠሩ የሆስፒታል መርፌዎችን የለመዱም አሉ። ከእነሱ ውስጥ የጤና ባለሙያም ይገኛል። ይህን የምለው ለማሳጣት አይደለም። «የኔ ቤት አይደርስም» የሚባል ነገር እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው።

«መጀመሪያ ተውና ና» ለምን ስሕተት ሆነ?

ወንድማችሁን የመለሰው ባለሙያ ክፉ ሰው ነው አልልም። ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከድሮው ሕክምና ነው። እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ የነበረው ሕክምና ኢንተርፌሮን የሚባል በየሳምንቱ የሚወጋ መርፌ ነበር፤ እስከ 11 ወር ይወስዳል፣ ያተኩሳል፣ ድብርት ውስጥ ይከታል፣ ከተወሰዱት ውስጥ ብዙዎቹን አያድንም ነበር። ያንን ለመስጠት ሐኪሞች ሰውየውን መምረጣቸው ይገባኛል። አሁን ግን ሕክምናው ተለውጧል። በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ ኪኒን ነው። ከ100 ሰው ከ95 በላይ ያድናል።

ሦስት ክርክሮች ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኪኒኑን በሥርዓቱ አይውጥም።» ሲምፕሊፋይ በሚባለው፣ በ7 አገሮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት፣ ሕክምና የተሰጣቸው 103 ሰዎች ሁሉም በቅርቡ መርፌ የወጉ ነበሩ። «ተው» ተብለው አልተመለሱም፤ ኪኒኑ ተሰጣቸው። ከእነሱ 94 በመቶው ዳኑ። መርፌ ከማይወጋው ሰው ብዙም የራቀ ውጤት አይደለም።

«ድኖ እንደገና ይያዛል፤ መድኃኒት ማባከን ነው።» እንደገና መያዝ እውነት ነው፤ ሄፓታይተስ ሲ አንዴ ቢያዙትም አይከላከልም። ነገር ግን ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው መርፌ መውጋት ካልተዉት ሰዎች መሀል እንደገና የሚያዘው በዓመት ከ100ው 6 ገደማ ነው። 94ቱን ለ6ቱ ሲባል መከልከል ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? እንደገና የተያዘውም እንደገና ይታከማል። ግሸን ሲወጣ ወድቆ እግሩን የሰበረ ተሳላሚ «ዳግም ተራራ አልወጣም ብለህ ማልና እንጠግንሃለን» ይባላል?

«ሱሱ ነው ዋናው በሽታ፤ እሱ ይቅደም።» ሁለቱም ይታከማሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን መጠበቅ የለበትም። ሱስ ተመላላሽ በሽታ ነው። ለመዳን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ጉበት ግን አይጠብቅም። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ሰው በታከመ ቁጥር ቫይረሱ ወደ ሌላ የሚሻገርበት አንድ ድልድይ ይፈርሳል። መርፌ የሚወጋውን ማከም ማለት ጓደኞቹንም መጠበቅ ማለት ነው። መጀመሪያ መታከም ያለበት እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

የዓለም ጤና ድርጅትም አቋሙ ይኸው ነው። ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሁሉ ይታከም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ደግሞ መርፌ የሚወጉና ለመያዝ ተጋላጭነታቸው የቀጠለ ሰዎች በቅርቡ ቢያዙ እንኳ ሳይዘገይ ሕክምና እንዲጀምሩ ይመክራል። እንግዲህ እህቴ፣ «ስድስት ወር ቆይቶ ይምጣ» የሚል መልስ ሲሰጣችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። በትሕትና «መመሪያው እንደዚያ አይልም ይባላል፤ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ሪፈር ይጻፍልን» በሉ።

«ቢያሳስሩንስ?»

ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ብዙ ወጣት ከሐኪም የሚሸሸው ከበሽታው ይልቅ ፖሊስን ፈርቶ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ መጠቀም ወንጀል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ያው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትንም ወንጀል አድርጎታል። ለሐኪም የተነገረ የሕመምተኛ ምስጢር ነው። ሐኪሙ «መርፌ ትወጋለህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ለሕክምናው ነው፤ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚጋጭ ለማወቅ። እውነቱን ንገሩት። የሙያ ባልደረቦቼም ይህን ካነበባችሁ፣ ካርድ ላይ የምንጽፈውና ኮሪደር ላይ ጮክ ብለን የምንናገረው ነገር ሰውን ሊያባርር እንደሚችል እናስብ። «ያ ሱሰኛው የታል?» ተብሎ የተጠራ ልጅ ተመልሶ አይመጣም።

ምርመራው ሁለት ደረጃ ነው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያው ምርመራ አንቲቦዲ ይባላል። ጣት ተወግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤቱ ይታያል። ይህ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሲሆን የሚነግረን «ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ቫይረሱ ገብቶበታል» የሚለውን ብቻ ነው። አሁን አለበት ማለት አይደለም። ከተያዙት ሰዎች ከ100ው ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት በራሳቸው ይድናሉና።

ሁለተኛው ቫይረሱ ራሱ አሁን ደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው። ለቲቢ የሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን የራሱ ካርትሪጅ ካለ ይህንንም ይሠራል። ስለዚህ በአንቲቦዲ ብቻ «በሽታ አለብህ» ተብሎ መድኃኒት መጀመርም፣ ተስፋ መቁረጥም ልክ አይደለም። የወንድማችሁ ወረቀት የትኛው ምርመራ እንደሆነ አሳዩኝ ወይም ሐኪም ጋ ወስዳችሁ አስነብቡት።

ወሎ ውስጥ ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሄፓታይተስ ሲ እንዳለባቸው ያወቁት ደም ሲለግሱ ወይም ለዓረብ አገር ጉዞ «ሜዲካል ሲወድቁ» ነው። ሜዲካሉ የሚያየው አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ሰውየው ከዳነ በኋላም ዕድሜ ልኩን ደሙ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ታክማችሁ ከዳናችሁ በኋላ «አሁንም ፖዘቲቭ ነኝ፤ መድኃኒቱ አልሠራም» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። መዳናችሁን የሚያረጋግጠው የቫይራል ሎድ ወረቀት ነው፤ በጥንቃቄ አስቀምጡት። ደላላ «ይህን ሽሮፕ ጠጣና ሜዲካሉን ታልፋለህ» ቢላችሁ ገንዘባችሁን እየወሰደ መሆኑን ዕወቁ።

መድኃኒቱስ?

በብዛት የሚሰጠው ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ጋር ወይም ሶፎስቡቪር ከቬልፓታስቪር ጋር ነው። ሶፎስቡቪር ብቻውን አይበቃም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ተጽፎላችሁ ከሆነ ጠይቁ። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የቫይረሱ ዝርያ 4 ቁጥር ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ለእሱም ይሠራሉ። ጉበቱ ገና ያልጠጠረ ሰው 12 ሳምንት ይወስዳል፤ የጠጠረበት ሰው ሐኪሙ እስከ 24 ሳምንት ሊያረዝምለት ይችላል። ራስ ምታትና ድካም ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ግን ሥራውን እየሠራ ይጨርሰዋል።

ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ የሚያያቸው ነገሮች አሉ፦
▪ ሄፓታይተስ ቢ አብሮ መኖር አለመኖሩ። ሲ ሲታከም ተደብቆ የነበረው ቢ ሊነሣ ስለሚችል ይህ ምርመራ አይዘለልም።
▪ የኤችአይቪ ምርመራ፣ የጉበትና የኩላሊት ሁኔታ፣ የፕሌትሌት ቁጥር፤ ሲያስፈልግም አልትራሳውንድ።
▪ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እንደ ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ የልቡ አሚዮዳሮን ከነዚህ ኪኒኖች ጋር ይጋጫሉ። ለሱስ ሕክምና የሚሰጠው ሜታዶን ግን አይከለክልም።
▪ ሴት ከሆነች እርግዝና። ነፍሰ ጡር እናት አብዛኛውን ጊዜ ከወለደች በኋላ ትታከማለች።

ኪኒኑ ባለቀ በ12 ሳምንቱ ቫይራል ሎድ ይደገማል። ካልተገኘ ሰውየው ድኗል። «ተኝቷል»፣ «ተደብቋል» አይደለም፤ ድኗል። ጉበቱ ቀድሞ የጠጠረበት ሰው ግን ከዳነም በኋላ የጉበት ካንሰር ክትትል ስለሚያስፈልገው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ይታያል።

«የወፍ መድኃኒት» ተብሎ የሚጨመቅ ቅጠላ ቅጠል በዚህ መሀል አትጨምሩበት። አንዳንዱ ጉበትን ራሱን ይመርዛል። አረቄና ሌላ መጠጥ ቢቀር ለጉበቱ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ሆኖም መጠጥ መጠጣቱም ሕክምና የሚያስከለክል አይደለም።

ዋጋውና መንገዱ

ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ገበያ ሲወጣ የአንድ ሰው የ12 ሳምንት ዋጋው 84 ሺህ ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ለታዳጊ አገሮች ሙሉ ሕክምናው በ60 ዶላር የሚቀርብበት ስምምነት ይፋ ሆኗል። ግብፅ በዚህ ርካሽ መድኃኒት ተጠቅማ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝቧን መረመረች፣ በሚሊዮን የሚቆጠረውን አዳነች። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት ባደረገችው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። በመርፌ የተዛመተውን በኪኒን መለሰችው ማለት ነው።

እኛ ጋ ያለው ችግር ሳይንሱ አይደለም፤ መዳረሱ ነው። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ከግሸን አካባቢ ለሚነሣ ሰው ውስጥ ደዌ ሐኪም ያለበት የቅርቡ ትልቅ ሕክምና ደሴ ነው። ለዚያ ጉዞ የሚከተሉትን ልብ በሉ፦
▪ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የምትታከሙ ከሆነ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ አትሂዱ። መድኃኒቱና ቫይራል ሎዱ በመድኑ ይሸፈኑ እንደሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ።
▪ የግል ፋርማሲ ለመግዛት ከተገደዳችሁ የሙሉውን 12 ሳምንት ዋጋ አስቡ። የአንድ ወር ገዝቶ ማቋረጥ ገንዘብም ጤናም ያባክናል።
▪ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደቡብ ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት እንደተዘረፉና እንደወደሙ እናስታውሳለን። መንገድ ሊዘጋ የሚችልበት ጊዜ ከሆነ ሐኪሙን «የሚቻል ከሆነ የሁለት ሦስት ወሩን ባንዴ ስጡን» ብላችሁ ጠይቁት።

ጸበልና ኪኒን

ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ሁሌም የምለው አንድ ነው፦ ማንንም ከጸበል አላስቀርም። ከዓመታት በፊት በእንጦጦ ጸበል ስንት የኤችአይቪ ሕመምተኛ «ወይ ጸበል ወይ መድኃኒት» ተብሎ መድኃኒቱን እንደተወ እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለሄፓታይተስ ሲም ነገሩ ያው ነው።

ኪኒኑ በቀን አንዴ ብቻ ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። የሚጾም ክርስቲያን ማታ ሊውጠው ይችላል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን በፍጡር ወይም በሱሁር ሰዓት ይውሰዱት። ዋናው በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑ ነው። ለንግሡ ስትወጡ ለምትቆዩበት ቀን የሚበቃውን ይዛችሁ ውጡ።

ከአንድ ጽዋ ጸበል መጠጣት፣ አንድ መስቀል መሳለም፣ በአንድ ድንኳን ማደር ሄፓታይተስ ሲን አያስተላልፍም። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን። ቤት ውስጥም እንዲሁ። ቤተሰቡ በሙሉ አንዴ ቢመረመር፣ ያልተከተበው ደግሞ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ቢወስድ እመክራለሁ።

እባካችሁ ይህን አትዝለሉት

አንድ ሰው ለሳምንታት ጸበል ቦታ ቆይቶ ዕፁን ሲተው ሰውነቱ የለመደውን መጠን ይረሳል። ወደ ከተማ ተመልሶ የድሮውን ያህል ቢወጋ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ትተው የተመለሱ ሰዎች በዚህ የመሞት አደጋቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ለወንድማችሁ ሳትቆጡ ንገሩት፦ «አትመለስበት እንላለን። ከተመለስክ ግን ብቻህን አትሁን፤ የድሮውን መጠን አትንካ፤ የሰው ሲሪንጅና ማንኪያ አትጠቀም፤ አዲስ ሲሪንጅ ከፋርማሲ ግዛ።» ይህ መፍቀድ አይደለም፤ በሕይወት ማቆየት ነው።

ሰው ሲጠሩት የማይሰማ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ ነጥብ ያነሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ትንፋሹን እየጠበቃችሁ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት። ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ። ናሎክሶን የሚባል የሚመልስ መድኃኒት አለ።

ሲያቋርጥ የሚይዘው ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ቁርጠትና እንቅልፍ ማጣት «መንፈስ ነው» ተብሎ በሰንሰለት አይታሰር። ውሃ ይጠጣ፣ የሚበላ ያግኝ፣ ከባሰም ሐኪም ይየው። ለሱሱ ሕክምና በአቅራቢያችሁ ሆስፒታል ያለውን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ።

በመጨረሻ

እህቴ፣ እናታችሁ ስለታቸውን ያድርሱ፤ ወንድማችሁም ይሳለም። ከዚያ ሳይዘገይ ደሴ ውሰዱት፤ ቫይራል ሎድ ይሠራ፤ ካለበትም ኪኒኑ ይጀመር። ከወር በኋላ ቢወድቅ፣ ተመልሶ ቢወጋ እንኳ ኪኒኑን አታስቁሙት። «ካልተውክ አናውቅህም» የሚለው ቃል ቤትም ሆነ ሆስፒታል ውስጥ ማንንም አድኖ አያውቅም።

የዓለም የሄፓታይተስ ቀን በየዓመቱ ሐምሌ 21 ይውላል። ወር በገባ በ21 ማርያምን የምታስቡ ለማስታወስ አትቸገሩም። ቢያንስ በዚያ ቀን አንዴ ተመርመሩ፤ አንድ ሰውም አስመርምሩ።

ጽሑፉ ለትምህርት ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ይህን የሚያስፈልገው ሰው በአካባቢያችሁ እንዳለ ካወቃችሁ ስሙን ሳትጠሩ ሼር አድርጉት። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ምስጢራችሁ የተጠበቀ ነው።